ያልተሞረደ ብየዳ

ሰፈሩ ቱግ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ያንን ስም ግን ከመታወቂያው በቀር የሚያውቀው የለም። በሩ የወለቀበት፣ የመስኮት ፍርግርግ ያሻው፣ የአልጋው እግር የተሰበረበት ሰው ሁሉ «ወደ ቱግ ውሰደው» ይባላል። ይወስዳል፤ መጀመሪያ ይሰደባል፣ ቀጥሎ ይሠራለታል። ስድቡን እንደ ምርቃት የሚቆጥሩ ደንበኞችም አሉ። አንድ ቀን ራሱን አሞት ዝም ብሎ ሲበይድ ያየችው ጎረቤት «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ቱግ አለና ልቧ ተመለሰ።

የሥራ ቦታው ከግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የብየዳ ማሽን፣ ብረት ነክሶ የሚይዝ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ቁርጥራጭ ብረት፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሣሉ የበር ጌጦች። የሚኮራበት ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚኮራው በመሞረድ ነው። ሌላው በያጅ ብረት ከብረት አጋጥሞ፣ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ ይሰጣል። ቱግ ግን ብየዳው እንደቀዘቀዘ መሞረጃ ማሽኑን አስነስቶ ያንን ጉብ ጉብ ያለውን ስፌት እስኪጠፋ ድረስ ይፍቀዋል። የእሱን በር ዓይንህን ጨፍነህ ብትዳብሰው መጋጠሚያው የት እንዳለ አታገኘውም። «ብየዳ የሚታይበት በር የሱሪ ዚፕ ሳይዘጉ አደባባይ እንደመውጣት ነው» ይላል።

ወደ ብረት ሥራ ያስገባችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በድብድብ ከሦስተኛው ትምህርት ቤት የተባረረ ዕለት ጆሮውን ይዛ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ በያጅ ዘንድ ወሰደችው። «እዚህ ስትናደድ የምትመታው ብረት ነው፤ ብረት ወላጅ አያስጠራም» አለችው። እውነትም አላስጠራም። ቱግ ከዚያ በኋላ አገባ፣ ፈታ። ሚስቱ ስትሄድ «ጠልቼህ አይደለም፣ ጆሮዬ ደክሞኝ ነው» ብላው ሄደች። እህቱ ግን አልደከማትም፤ እሷም ከእሱ የማትተናነስ ቁጡ ናት፤ ልዩነታቸው የእሱ ወዲያው ፈልቶ ወዲያው መብረዱ፣ የእሷ ግን ሳይጮህ የሚቆይ መሆኑ ነው።

እሷን ሰፈሩ ቆጣሪዋ ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሞተር ብስክሌት እየዞረች የየቤቱን የውኃ ቆጣሪ ስታነብ ኖራለች። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ውሻ እንደሚያስመስል፣ የማን አጥር ሥር ቧንቧ እንደሚያፈስ በቃሏ ታውቃለች። ባሎች ሚስቶቻቸው ላይ ያላወቁትን ነገር ቆጣሪዋ ከውኃው ፍጆታ ታውቃለች ይባል ነበር። ከእሷ አፍ ግን አንድ ቀን አንድ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ቁልቁለት ላይ ወደቀች። ከፊት ለፊቷ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ግራ እግሯ ላይ ወጣበት። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ፤ ቀኝ ትከሻዋ ተሰብሮ በደንብ ሳይገጥም ዳነ። በማግስቱ የመኪናው ሾፌር፣ ጺሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሆስፒታል መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቱግን አገኘውና «ልጄ፣ እግዜር ያውቃል፣ ሞተሯ ነው ከፊት የተሰበረባት። ጎማው ከሷ ቀድሞ ነው የወጣው። ፍሬን ይዤ ነበር፣ አልደረስኩላትም» አለው። ቱግ ቃሉን እስኪጨርስ አልጠበቀም። በጥፊ አጮለው። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ ብርቱካኑ ኮሪደሩን ሞልቶ ተንከባለለ፤ ነርሶች ጮኹ። የእህቱ ክፍል በር ክፍት ነበር።

ያን ጥፊ ቱግ አንድም ቀን አልተጸጸተበትም። እንዲያውም «አንድ ብቻ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ» ይል ነበር። ለፖሊስ፣ ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ በር ሊያሠራ ለመጣ መንገደኛ ሳይቀር ያንን ሾፌር እያነሳ ይጥላል። መሥሪያ ቤቷ እህቱን መዝገብ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጣት። የሞተሯን ስብርባሪም ለእሷ ትተውላት ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቀረ። ማንም ገልጦ አላየውም፤ መኪና ጨፍልቆት የለ፣ ምን ይታይበታል?

በዚህ ዓመት ነው አዲሱ ኃላፊ የመጣው። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላይ አንዲት የተጨማደደች ቦታ አትታይም። መዝገብ ቤቱ ሰው እንደበዛበት አየና ለቆጣሪዋ ደብዳቤ ጻፈላት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ባለሦስት ጎማ ሞተር አቅርባ የመንዳት ፈተና ካለፈች ወደ ቆጣሪ ንባቧ ትመለሳለች፤ ካላለፈች ግን በጡረታ ትሰናበታለች። መጨረሻው ላይ «ይህም ለደኅንነትዎ ሲባል ነው» የሚል ተጨምሮበታል።

ቱግ ደብዳቤውን ሲያነብ ቆሽቱ አረረ። «ለደኅንነትሽ! ሞተር እንደሌለሽ እያወቀ! አሁን ሄጄ ጥርሱን ነው የማራግፈው!»

«ጥርሱን ተወውና ሞተሬን ሥራልኝ» አለችው። «ሁለት ዓመት ወረቀት ሳገላብጥ በቁሜ ሞቻለሁ። እኔ ጡረታ አልወጣም። ውጪ ነው የምሠራው። ትሠራልኛለህ፣ አትሠራልኝም?»

«የምን ጥያቄ ነው?» ብሎ ጮኸ።

በነጋታው ጠዋት ሸራውን ገለጠ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ከኋላ አንዱን ጎማ አውጥቶ ከአሮጌ ትንሽ መኪና የተቆረጠ አክስልና ሁለት ጎማ ያስገባል፤ ካምቢዮውን ከእግር አንስቶ በእጅ እንዲሆን ያደርገዋል። የፊቱን ደግሞ እንዳለ ያቃናል። የፊቱ ማለት ጎማውን ከሁለት በኩል አቅፎ ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ሹካ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፎርቼላ የሚሉት። ፎርቼላው ከሞተሩ ተለይቶ ለብቻው ተጋድሟል። ቱግ አነሳው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ከዚያ ቁጭ አለ።

መኪና የወጣበት ብረት ይጣመማል፣ ይጨማደዳል። ይኼ አልተጣመመም። የግራው ቱቦ ከታችኛው መያዣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ብስኩት ቀጥ ብሎ ተለያይቷል። የተሰበረው ፊት ግማሹ ቀይ ዝገት ነው። ግማሹ ግን ጥቁር ነው፤ ግሪስና አቧራ የጠጣ ጥቁር። ይህ ማለት ብረቱ ከመውደቋ በፊት ለሳምንታት ተሰንጥቆ ቆይቷል ማለት ነው። ስንጥቁ የሄደው ደግሞ ብየዳ ላይ ነው። ብየዳው አይታይም፤ ተሞርዶ፣ ለስልሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ጠፍቷል። በያጅ የሌላውን ሥራ ሊረሳ ይችላል፤ የራሱን ግን እንደ እጅ ጽሑፉ ነው የሚያውቀው። የመሞረጃውን ጭረት ከግራ ወደ ቀኝ አግድሞ የሚተው እሱ ብቻ ነው።

ያኔ ትዝ አለው። ከአደጋው ስድስት ወር በፊት «ትንሽ ስንጥቅ አለው» ብላ አምጥታለት ነበር። የመሥሪያ ቤቷ ዕቃ ቤት አዲስ እስኪያመጣላት መጠበቅ አልፈለገችም። በየደላት። ከዚያ እንደ በር፣ እንደ መስኮት፣ ስፌቱን ሞርዶ ሞርዶ አሳመረው። በር ቆሞ ነው የሚውለው፤ ስፌቱ ቢሳሳ ምንም አይሆን። ፎርቼላ ግን በየጉድጓዱ ይመታል፤ ጥንካሬው ያ አስቀያሚ ጉብታ ነው። ቱግ ደግሞ ያንን ጉብታ በገዛ እጁ አነሳው። ሽማግሌው የተናገረው በሙሉ እውነት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ ወይም ወደ እህቱ ሄዶ ይነግራት ነበር። ቱግ ተናደደ። ፎርቼላውን ቁርጥራጭ ክምሩ ሥር ወሽቆ ሌላ ብረት ጫነበት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሰደበ፤ ብረት ሻጩን፣ መብራት ኃይልን፣ ፀሐይን። እህቱ «ምን ሆነሃል? ከወትሮው ባሰብህ» ስትለው «ምንም!» ብሎ ጮኸ። በልቡ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ድምፁ የጨመረው።

አዲሱን ፎርቼላ የሠራው በዚህ ንዴት ነው። ለትልቅ የውኃ መስመር የሚያገለግል ወፍራም ቱቦ አመጣ። መያዣዎቹን ከአውራ ጣት ውፍረት ካለው ላሜራ ቆረጠ። በየማዕዘኑ የሦስት ማዕዘን ደጋፊ ጨመረ፤ ደጋፊው ላይ ደጋፊ። ሹካውን ረጅም፣ ወደፊት የተዘረጋ አደረገው፤ ጎማው ከሩቅ ቀድሞ ሲሄድ መንገዱን ይዞ ቀጥ ይላል፣ ወዲያ ወዲህ አይልም ብሎ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት። ሲያልቅ ብቻውን ሊያነሳው አልቻለም።

«እትዬ፣ ነይ ውጪበት!» አላት። «ዝሆን ቢወጣበት አይሰበርም።»

«እኔ ዝሆን ነኝ?»

«ለምሳሌ ነዋ!»

ሰው ሠራሽ እግሯን አንስታ ወጣች፣ አስነሳች፣ በቀስታ ግቢው ውስጥ ሄደች። ፊቷ በርቶ ነበር። የግቢው ጥግ ስትደርስ ልታዞረው መሪውን ጎተተች። ሞተሩ አልሰማትም። እንደገና ጎተተች፤ ትከሻዋን ይዛ ጮኸች፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ የውኃ በርሜሉን ገጨና ቆመ።

«አይዞርም!»

«እንዴት አይዞርም? ውረጂ እስቲ!» ቱግ ወጣበት። ሃያ ሰባት ዓመት መዶሻ ባወዛወዘ ክንዱ መሪውን ወዲህና ወዲያ አለው። «ይኸው! ይኸው! ሲዞር አታይም?»

ቆጣሪዋ እያነከሰች ወደ ዕቃ ቤት ገብታ እህል የሚመዘንበትን የመንጠቆ ሚዛን ይዛ መጣች። መንጠቆውን በቀኝ እጇ ይዛ ሌላውን ጫፍ ከበሩ መቃን ጋር አሰረችና ሕመሙ እስኪይዛት ጎተተች። ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ላይ ቆመ። ከዚያ መንጠቆውን ከመሪው ጫፍ አንጠለጠለችና «ጎትት» አለችው። ጎተተ። መሪው ንቅንቅ ያለው ዘጠኝ ኪሎ ላይ ነው።

«ዘጠኝ» አለች። «ለማን ነው የሠራኸው? ለኔ ነው ለራስህ?»

«እንዳይሰበር ብዬ እኮ ነው!»

«አይሰበርም። አይዞርምም። ፈተናው አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው።»

«ታዲያ ክንድሽ መድከሙ የኔ ጥፋት ነው?»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተመልሶ መታው። አዎ፣ የሱ ጥፋት ነው። በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ይህን ሊጠይቅ የማይገባው ሰው እሱ ነው። እህቱ አንድ ጊዜ ብቻ አየችው፤ አልተቆጣችም። ቱግ በእጁ የነበረውን መዶሻ ቆርቆሮው ላይ ወርውሮ ወጣ።

እግሩ የወሰደው ሄጄ አላይም ብሎ የማለበት ቦታ ነው። መንገዱ ማዶ ብረት የሚያከብ የቶርኖ ባለሙያ አለ፤ ሚሊ ነው የሚባለው፤ በሕይወቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይቅር ብሎ አያውቅም። የዛሬ ስድስት ዓመት የቱግን ሥራ «ግማሽ ሚሊ ተርፏል» ብሎ ስለመለሰበት ከዚያ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

ሚሊ ከማሽኑ ቀና ብሎ አየውና «ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ግማሽ ሚሊ ስታነሳ ነበር?» አለው።

«ቀልዱን ተወው! እህቴን ሊያባርሯት ነው!»

ሚሊ መጣ። ሞተሩን ዙሪያውን ዞረው፤ አልሳቀም። ኪሱ ውስጥ ካለው ጠመኔ አውጥቶ ተንበረከከና የመሪው አንገት የተጋደመበትን መስመር በክር ተከትሎ እስከ መሬት አወረደው፤ ክሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ላይ ሌላ ምልክት አደረገ። በሁለቱ መካከል ስንዝር ከአራት ጣት አለ።

«ይኼ ነው የሚከብዳት» አለ። «ጎማው ከዚህ መስመር ወደኋላ በራቀ ቁጥር ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ መዞር ይጠላል። ባለሁለት ጎማ ቢሆን ግድ የለም፤ ሲዞር ይጋደማል፣ ሰውነትህ ያግዝሃል። ባለሦስቱ አይጋደምም። ሥራው ሁሉ ክንድ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ሹካውን ወደፊት በዘረጋኸው መጠን ይኼንን ስንዝር አረዘምከው።»

«ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል ብዬ ነው!»

«አየሁት። ደጋፊው ላይ ደጋፊ፣ የውኃ መስመር ቱቦ...» ሚሊ ጠመኔውን ወደ ኪሱ መለሰ። «ይኼንን የሠራኸው እንዲነዳ አይደለም፣ እንዳይሰበር ነው። ምን አስፈራህ?»

ቱግ መፍቻ አንስቶ ሹካውን መፍታት ጀመረ። ሚሊም ሁለተኛ አልጠየቀውም።

አዲሱን አብረው አሰቡት። ሹካው አጠር ብሎ ቀጥ ይላል። ከሹካው ጫፍ ሁለት አጫጭር ክንዶች ወደፊት ይወጣሉ፤ ጎማው የሚያዘው በእነሱ ነው፤ ከበላያቸው ትንንሽ ሞላዎች ተቀምጠው ጉድጓዱን ይቀበላሉ። ጎማው በክንዶቹ ምክንያት ወደፊት ሲገፋ ያ ስንዝር ያጥራል። ሚሊ ፒኖቹንና የሚዞሩበትን ቀለበት በማሽኑ አወጣ፤ አንዱን አራት ጊዜ አወጣው፣ ቱግም አራት ጊዜ ተቆጣው። መጀመሪያ በገጠሙት ክንድ መሪው በሚዛኑ ሰባት ኪሎ ላይ ነቃ። ረዘም ያለ ክንድ ቆርጠው ተኩት፤ አምስት ሆነ። እንደገና ቆረጡ። ቱግ አሁን መሪውን አይነካም፤ መንጠቆውን ይሰቅልና «እትዬ! ነይ ጎትቺ!» ብሎ ይጮሃል። ከቤት ትወጣለች፣ ትጎትታለች፣ ቁጥሩን ትናገራለች፣ ትገባለች። በዘጠነኛው ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ላይ ነቅነቅ አለ። ሦስታቸውም ተሰብስበው ሚዛኑን አዩ።

ያን ጊዜ ነው እህቱ ፎርቼላውን ጎንበስ ብላ ያየችው። መጋጠሚያው ሁሉ ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ በየቦታው እንደ ቁስል ጠባሳ ወፍሮ ወጥቷል። ቀለም እንኳ በቅጡ አልያዘውም።

«ይኼ ምንድነው?» አለች።

«ብየዳ ነዋ።»

«አንተ? ሳትሞርድ?»

«አይሞረድም።»

«ሰው ምን ይላል? ትንሽ እንኳን...»

«አይሞረድም አልኩሽ እኮ! አይነካም!»

ቆጣሪዋ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ሚሊ ነገሩ ስላልገባው መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። እሷም ወደ ቤት ገባች።

የፈተናው ቀን ከሰዓት በፊት የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በርሜል ተደርድሮበት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በየመስኮቱ ተሰቅሏል። ኃላፊው ሰሌዳውን ይዞ ወረደ፤ ሞተሩን አየ፣ ብየዳውን አየ፣ ፊቱን አጨማደደ። መሪውን በራሱ እጅ ያዘና ወዲህ ወዲያ አለው። «ይኼማ ሲበዛ ቀለለ። አደጋ አለው። ለደኅንነትዎ...»

«በእርስዎ ክንድ አልተለካም» አለችው ቆጣሪዋ። «ይልቀቁልኝ፣ ልንዳው።»

ነዳችው። በበርሜሎቹ መካከል እየተጠማዘዘች ሄደች፣ ተመለሰች፤ ዳገቷ ላይ ቆመች፣ ሳትንሸራተት ተነሳች፤ ኃላፊው ያልጠየቃትን ደግሞ፣ ጠባቡን የበር መግቢያ በአንድ እጇ ዞራ ወጥታ ተመለሰች። ከመስኮት አንዱ ፉጨቱን ለቀቀው። ቱግ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሞ ነበር፤ ያላጨበጨበ እሱ ብቻ ነው፤ ከሚያጨበጭቡት ሰዎች አንዳንዶቹ መዝገብ ቤት ስትገባ «አይ፣ እሷስ አበቃላት» ያሉ መሆናቸውን ስለሚያውቅ በገነ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ነጂዋ አልፈዋል። ተሽከርካሪው ግን ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ስለዚህ የሠራው ሰው እዚህ ላይ ይፈርማል። ለጥንካሬው እኔ ኃላፊ ነኝ፣ ነገ ቢሰበር ተጠያቂ እኔ ነኝ ይላል።»

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለቱግ ዘረጋለት። ቱግ ተቀበለ። ጫፉ ወረቀቱ ላይ አረፈና ቀረ። ሰዉ ሁሉ ያንን ቁጡ ሰውዬ ወረቀት ሲፈራ አየው። ኃላፊው ቅንድቡን አነሳ። «እርስዎ ካላመኑበት እኛ እንዴት እናምናለን?»

ቆጣሪዋ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠች ወደ ወንድሟ ጠጋ አለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «ፈርም» አለችው። «ያኛውንም አንተ ነህ የበየድከው። አውቃለሁ። ይኼኛው አይሰበርም፤ ፈርም።»

ቱግ ፈረመ። እናቱ ያወጣችለትን፣ ያንን ማንም የማያውቀውን ስም፣ በሙሉ ጻፈው።

ከመሥሪያ ቤቱ በር ወጡ፤ እሷ በቀስታ እየነዳች፣ እሱ ከጎኗ እየሄደ። ከአጥሩ ጥግ ሲደርሱ አላስቻለውም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የወደቅኩ ቀን። ጎማው ራሴ አጠገብ ነበር። የተሰበረውን ብረት እያየሁ ነው ራሴን የሳትኩት።»

«ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ የምታውቀው መሰለኝ። ጥፋቱን ለመሸፈን የምትጮህ መሰለኝ። ሳትሞርድ ስትቀር ነው እስካሁን እንዳላየኸው፣ አሁን ገና እንዳየኸው የገባኝ። ከዚያ ደግሞ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ።»

«በብየዳው ይኼን ያህል ከተናደድሽብኝ...»

«በብየዳው አይደለም!» ሞተሩን አቆመችው። ያ ሳይጮህ የሚቆየው ቁጣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ብረት ይሰበራል። ሰው ይሳሳታል። እኔም ዕቃ ቤት ሳልጠብቅ አምጥቼልሃለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ጥፊው ነው! በሩ ክፍት ነበር፣ ሰምቻለሁ። ያ ሽማግሌ ብርቱካን ይዞ መጥቶ እውነቱን ነገረህ፤ አባትህ የሚሆን ሰው! እኔ ደግሞ አልጋ ላይ ተኝቼ ‹እውነቱን ነው› ማለት አቃተኝ፤ አንተን ላለማጋለጥ። ሁለት ዓመት በየደጁ ስትሰድበው እየሰማሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በራሴም ነው የማፍረው።»

ቱግ መሬት መሬቱን አየ። ከኋላ ወንበሩ ላይ እጁን አሳረፈና «እሺ፣ ልውጣና እንሂድ፤ ቤት እናወራለን» አለ።

«አትወጣም። በእግርህ ነው የምትሄደው። የጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ በዚህ በኩል ነው። ሽማግሌው ዛሬ እዚያ ነው፤ ጠይቄያለሁ። እኔ ትናንት ሄጄ የድርሻዬን ብያለሁ።»

መሪውን በሁለት ጣቷ አዞረችው። ሞተሩ ያለምንም ጭንቅ ታጠፈላትና ቁልቁል ሄደ። ቱግ ቱግ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የሚቆጣው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም። መንገድ ዳር ብርቱካን የምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ቆሞ እየመረጠ፣ እየመለሰ፣ «ይኼ ለስልሷል፣ ይኼ ብርቱካን ነው?» እያለ አንድ ፌስታል አስሞላ። ሴትዮዋ «ለበሽተኛ ነው?» ብትለው «ለጤነኛ ነው!» ብሎ ጮኸባትና ሄደ።

ማቆሚያው ሰፊ ነው፤ ዘይት የጠጣ አፈር፣ የተደረደሩ መኪናዎች። ሽማግሌው ከመኪናው ጥላ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ካየው ይልቅ ኮስሷል። የእግር ኮቴ ሰምቶ ቀና አለ። መጀመሪያ አላወቀውም። ሲያውቀው ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳና ጉንጩን ሸፈነ።

ቱግ ባለበት ቆመ። ከዚያ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።